ንባብ ብቻውን አይሮፕላን አይጠግንም

በአይሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሁሉ ነፍሱን ለአብራሪው ብቻ ያስረከበ ይመስለዋል። ነገር ግን አብራሪው ራሱ የሚነሣው ሌሊቱን ሙሉ በመጠገኛው አዳራሽ ሲደክም ያደረውን የመካኒክ እጅ አምኖ ነው። መካኒኩም በበኩሉ የገዛ ግምቱን ሳይሆን ከፊቱ የተዘረጋውን የጥገና መመሪያ አምኖ ይሠራል። ያ መመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ የዚህ የመተማመን ሰንሰለት መጨረሻው ቋንቋ ስለ ሆነ፥ መካኒኩ ያነበበውን ቃል አሳምሮ ካልተረዳው ሰንሰለቱ ከዚያ ላይ ይበጠሳል። የቴክኒክ እንግሊዝኛ ትምህርት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው፥ «የራሳችን ፊደልና የራሳችን ቋንቋ እያለን መመሪያው ለምን ወደ አማርኛ አይመለስም?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፥ «ተማሪው ከክፍሉ በር ጀምሮ አማርኛውን ይርሳ፤ እንግሊዝኛውን አጥርቶ ከተናገረ ሌላው ሁሉ በኋላ ይመጣል» ይላል። የፊተኛው ወገን ፍቅሩ የሚመሰገን ሲሆን ምክሩ አይሠራም። የኋለኛው ምክር ግን የሚሠራ መስሎ ስለሚያሳስት ይበልጥ ይጎዳል።

ለፊተኛው ወገን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ. ደብልዩ. ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ አብራሪዎቹና መካኒኮቹ በብዛት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ሥራውን ቀስ በቀስ የተረከቡት እንግሊዝኛውን በመጣል ሳይሆን በመማር ነው። ፈረንሳዊውና ጀርመናዊው እንኳ ተባብረው ኤርባስን በቱሉዝ ከተማ ሲገጣጥሙ የጥገናውን መመሪያ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህም ሌላ፥ የአይሮፕላን መመሪያ እንደ ታሪክ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ታትሞ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየጊዜው ይታረማል፥ ይሻሻላል። እርማቱ በእንግሊዝኛ ወጥቶ ትርጉሙ ሳይደርስ ቢቀር፥ መካኒኩ በተሻረ ትእዛዝ ሊሠራ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋ ይኑር።

ወደ ሁለተኛው ወገን ስንመለስ ግን ክርክሩ ይጠነክራል። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛን መናገርና የቴክኒክን እንግሊዝኛ ማወቅ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። ተማሪው ቃሉን በአፍንጫው አዙሮ እንደ ባሕር ማዶ ሰው ሲያወጣው ያጨበጭቡለታል፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አይጠይቁትም። እንግሊዝኛን ከእናት ጡት ጋር መጥባት ብቻውን ከስሕተት የሚያድን ቢሆን ኖሮ፥ በሰኔ 1990 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የሆነው ባልሆነ ነበር። ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አይሮፕላን የፊት መስተዋቱ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ካፒቴኑም ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተስቦ፥ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። በምርመራው እንደ ተገኘው፥ መስተዋቱ በተለወጠበት ሌሊት ከ90ው ቡሎኖች 84ቱ ከሚገባው ቀጠን ያሉ ነበሩ። ቡሎኖቹ የተመረጡት የዕቃዎቹን ዝርዝር መጽሐፍ ገልጦ በመመልከት ሳይሆን፥ ከአሮጌው ጋር በዓይን በማስተያየት ነበር። ይህ የሆነው እንግሊዝኛ የዕለት ቋንቋ በሆነበት አገር ነው። እንግዲህ መካኒክን የሚያድነው የአነጋገሩ ዜማ ሳይሆን መጽሐፉን ገልጦ፥ ቃሉን ተረድቶ፥ እንደ ቃሉ መፈጸሙ ነው።

ደግሞስ የቴክኒክ እንግሊዝኛ የባለ ቅኔው እንግሊዝኛ አይደለም፤ የጋዜጠኛውም አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አየር መንገዶች ማኅበር፥ የጥገና መጻሕፍት ቋንቋ በእንግሊዝኛ አፉን ላልፈታ ሰው እንዲቀል የአይሮፕላን ሠሪዎችን ጠየቀ። ከዚህ ጥያቄ የተነሣ በ1986 እ.ኤ.አ. ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደንብ ታተመ፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህም ኤ. ኤስ. ዲ. - ኤስ. ቲ. ኢ. 100 በሚል ስም ይታወቃል። በዚህ ደንብ መሠረት፥ የዕቃና የሙያ ስሞች ሳይቈጠሩ፥ ጸሐፊው እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱለት ቃላት 900 ያህል ብቻ ናቸው። ሥራ የሚያዝዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃላት፥ ነገር የሚገልጽም ከ25 ቃላት መብለጥ የለበትም። ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ የሚፈጸም ካልሆነ በቀር፥ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትእዛዝ አይጻፍም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል። በተራው እንግሊዝኛ «ክሎዝ» የሚለው ቃል መዝጋትም ነው፥ ቅርብም ነው፤ በዚህ ደንብ ግን መዝጋት ብቻ ነው። «ፎሎው» መከተልም መታዘዝም ሲሆን፥ በዚህ ደንብ በኋላ መምጣት ብቻ ነው፤ ለመታዘዝ «ኦቤይ» የሚባል ሌላ ቃል ተሰጥቶታል።

እኛ በቅኔ ያደግን ሕዝብ ነን። አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ባንድነት ሲይዝ ደስ ይለናል፤ ምሥጢሩን ፈልቅቆ ያወጣውንም ሊቅ እናከብራለን። ይህ ክብራችን ነው፥ አንጥለውም። በመጠገኛው አዳራሽ ግን ወርቅ ፍለጋ መቈፈር አደጋ ነው። መመሪያው ሰም ብቻ ነው፤ ሰሙም የተቈረጠና የተለካ ነው። ይህን ጠባዩን ያልተረዳ ተማሪ፥ እንግሊዝኛው ቢበዛለትም፥ ቃሉን ወደ ለመደው ትርጉም እየሳበ ይሳሳታል።

ለዚህ ምሳሌ እናምጣ። በአማርኛችን «ዘይት» የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ የወጡም ዘይት፥ የሞተሩም ዘይት፥ የፍሬኑም ዘይት ሁሉ ዘይት ይባላል። በአይሮፕላን መመሪያ ግን የሞተሩ ዘይት ሌላ፥ የሃይድሮሊኩ ፈሳሽ ሌላ ነው። የሃይድሮሊኩም ፈሳሽ ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከማዕድን ዘይት የሚሠራው ቀዩ ሌላ፥ በትልልቆቹ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ላይ የተለመደው ሐምራዊው ሌላ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ቢጨመር፥ ፈሳሹ እንዳይወጣ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ያብጣሉ፥ ይበላሻሉም። ተማሪው ሦስቱንም በልቡ «ዘይት» ብሎ ካስቀመጣቸው፥ የእንግሊዝኛውን ስም ያለ ስሕተት ቢያነበንብም ምን ይረባዋል?

«ማጥበቅ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። በየጋራዡ ቡሎን ሲጠብቅ እጅ እስከ ቻለው ድረስ ነው። መመሪያው «ቶርክ» ሲል ግን በመለኪያ መፍቻ ተለክቶ፥ ከተጻፈው ቍጥር ሳያንስና ሳይበልጥ ማጥበቅ ማለቱ ነው፤ ያነሰው ይላላል፥ የበለጠው ቡሎኑን ይጎዳል። እንደገናም በአማርኛ «መሞከር» የምንለው ሥራ በመመሪያው ሁለት ነው፤ «ኦፐሬሽናል ቼክ» ማለት ዕቃው ሥራውን ይሠራ እንደ ሆነ ማየት ብቻ ሲሆን፥ «ፈንክሽናል ቼክ» ማለት ግን የሚሠራው በተወሰነለት ልክ መሆኑን በቍጥር መለካት ነው። የፊተኛውን ፈጽሞ በኋለኛው የፈረመ መካኒክ፥ ክፋት ሳይኖርበት ሐሰት ፈርሟል።

ቍጥርም ራሱ ቋንቋ ነው። በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲለውጡ ግን ሠራተኞቹ 1.77 በሚል ቍጥር አሰቡ፤ ይህም ቍጥር የፓውንድ እንጂ የኪሎ አልነበረም። አይሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ነዳጅ ይዞ ተነሣና፥ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀበት። በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎች የዳኑት አብራሪዎቹ ሞተሩ የጠፋውን አይሮፕላን እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለው የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ በማሳረፋቸው ነው። ቍጥሩን ሁሉም አንብቦታል፤ የምን ቍጥር መሆኑን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድር ነው? መድኃኒቱ ከራሳችን አገር ትምህርት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው በመጀመሪያ በንባብ ቤት ግዕዙን አጥርቶ ያነባል፤ የሚያነበውን ግን ገና አያውቀውም። ፍችውን የሚያገኘው ከብዙ ድካም በኋላ ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር ሲቀመጥ ነው። ያ መምህር የመጽሐፉን ቃል አይለውጥም፤ ንባቡን በግዕዝ፥ ፍችውን በአማርኛ ያስኬዳል። አባቶቻችን ንባብና ትርጓሜ ሁለት ልዩ ልዩ ደረጃዎች መሆናቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር። የቴክኒኩ ተማሪ ከንባብ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ቢሄድ ግን ማን ይጠየቃል? ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ የትርጓሜው መምህር «አንድም» እያለ ፍች ይጨምራል፤ የቴክኒኩ መምህር ግን አንድ ፍች ብቻ እስኪቀር ድረስ ይቀንሳል።

«አማርኛ ወደ ክፍል ከገባ እንግሊዝኛው ይደክማል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተማሪ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ አጥንቶ አለማወቁን ሊሸፍን ይችላል። «ይህ ትእዛዝ ምን አድርግ ይልሃል? በአማርኛ ንገረኝ» ሲባል ግን መደበቂያ የለውም፤ ሰው ያልገባውን ነገር በእናቱ ቋንቋ ማስረዳት አይችልምና። ኦሮምኛ፥ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ አፉን የፈታውም እንዲሁ በቋንቋው ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይመለስ፤ የሥራውንም መዝገብ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። በዚህ መንገድ የሄደ እንግሊዝኛ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም።

እንግዲህ ከሚመለከታቸው ሁሉ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህራን ሆይ፥ ተማሪውን ቃሉን እንዲያነበው ብቻ ሳይሆን እንዲፈታው ፈትኑት፤ «ማስጠንቀቂያ» የሰውን አካልና ሕይወት፥ «ጥንቃቄ» ዕቃውን የሚመለከት መሆኑን፥ «ማስታወሻ» ግን ሥራውን የሚያቀልል ምክር ብቻ መሆኑን ሳይለይ አይለፍ። የየመሥሪያ ቤቱ ሹማምንትም ሆይ፥ ባለ ሙያዎችንና የቋንቋ ሊቃውንትን ባንድነት አስቀምጣችሁ፥ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የተቈረጠ የአማርኛ ፍች የያዘ መዝገበ ቃላት አሰናዱ፤ «ዘይት» ወዴት እንደሚያበቃና «ፈሳሽ» ከወዴት እንደሚጀምር ይወሰን። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቋንቋ ችሎታ ደረጃ አብራሪውንና የበረራ ተቈጣጣሪውን ይፈትናል፤ መካኒኩን ግን አይነካውም። ደንቡ አላስገደደንም ብለን ብንተኛ፥ ለተሳፋሪው የምንሰጠው መልስ አይኖረንም።

የሥራ ኀላፊዎችም አንድ ነገር ይጨምሩ። «አልገባኝም» ያለውን ወጣት አይሣቁበት። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። በአዳራሹ ውስጥ ያፈረ ሰው ለአንድ ሰዓት ያፍር ይሆናል፤ ሳይጠይቅ የፈረመ ሰው ግን ስሕተቱን ከተሳፋሪዎቹ ጋር ወደ ሰማይ ይሰደዋል፥ ከዚያም ወዲያ መልሶ አያገኘውም።