አዲስ ሁሉ ጤነኛ አይደለም

ያለፉትን ሳምንታት ስለ ደም ግፊት ስንነጋገር ቆይተናል፤ ዛሬ ርዕስ ልቀይር። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችሁ ደውለው «ተሳቢ ገዛን» ቢሏችሁ የጭነት ሥራ የጀመሩ እንዳይመስላችሁ። እነሱ የሚሉት በፒክአፕ ኋላ ታስሮ የሚጎተት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሽንት ቤትና መታጠቢያ ያለው ትንሽ ቤት ነው። በእረፍት ቀን ተራራ ሥር ወይም ሐይቅ ዳር ወስደው ያድሩበታል። ሆቴል መክፈል ቀርቶ ልጆቹም አገር ያያሉ።

ልጄና ባለቤቷ የሚኖሩት በኮሎራዶ፣ ብዙ ሀበሻ ባለበት በአውሮራ ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት እነሱ ዘንድ ነበርኩ፤ እዚህ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ተሳቢ ቤት በባንክ ብድር ገዙ። ጓደኞቻቸው ኬክ ይዘው መጡ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባባልን፣ ቡና ተፈላ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ከላቫንዲኖው ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቤቱን ለማስፋት በኤሌክትሪክ ወደ ውጭ የሚንሸራተተው ግድግዳ መንገድ ላይ ወጥቶ አልመለስም አለ። በጣሪያው መስኮት ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተላቆ ተገኘ። የአንድ ሶኬት ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከምድጃው ሥር የጋዝ ሽታ ነበር።

ሻጩ ድርጅት «አምጡት፣ ግን ወረፋው አምስት ሳምንት ነው» አለ። በጋው አጭር ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ የባንኩ ክፍያ ግን ወሩን ጠብቆ ይቆረጣል። አማቼ «እማማ፣ ሁለት ሥራ የሠራሁት ለዚህ ነው?» አለኝ። እሱ «የመረጥሽው አንቺ ነሽ» ሲል እሷ «በግማሽ ሰዓት የፈረምከው አንተ ነህ» ትላለች። ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ገባ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ ብላቸው ልጄ ምን አለችኝ? «እማዬ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎን በሁለት ሳምንቱ ተበላሸ ብለን እንዴት እናወራለን? ትንሽ እንታገሠው።»

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ «እንታገሠው» የሚለው ቃል ነው። ትዕግሥት ለሰው ነው፤ ለተበላሸ ዕቃ አይደለም። የእነዚህ ተሳቢዎች የፋብሪካ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ቀኑ ተሳቢው ሻጩ ግቢ ወረፋ ሲጠብቅም፣ እኛ ሰው ምን ይለናል እያልን ስንቀመጥም ይቆጠራል።

በማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ እልል ብለን ከዚያ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንመረምረዋለን። በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ አተነፋፈሱ፣ የልብ ምቱና የቆዳው ቀለም ታይቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ጣቶቹ ይቆጠራሉ፣ ላንቃው ይዳሰሳል፣ ፊንጢጣው ክፍት መሆኑ ይታያል። ይህን የምናደርገው እናቲቱን ለማስከፋት አይደለም። በጊዜ የታወቀ ችግር ይታከማል፤ ሳይታይ ወደ ቤት የሄደ ግን ከብዶ ይመለሳል። አዲስ ዕቃም እንዲሁ ነው።

«አዲስ ሆኖ እንዴት ይበላሻል?» ለሚል ሰው ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከሚሸጡት ከእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ነው። ሥራው በብዛት በእጅ ነው፤ ፍጥነትም ይፈለጋል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሰው ሆቴልና አውሮፕላን ሲፈራ ገበያው ደርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 600,000 የሚጠጉ ቤቶች ከፋብሪካ ወጥተዋል። ግድግዳውና ቁም ሳጥኑ ክብደት እንዳይበዛ በቀጭን እንጨት፣ በኮምፔንሳቶና በችፑድ ይሠራል። ከዚያ ያ ቤት በአውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ይጎተታል። መሬት ላይ የቆመ ቤት እንዲህ ቢናወጥ የምድር መንቀጥቀጥ እንለው ነበር። ብሎን ይላላል፣ ማሸጊያ ይላቀቃል፣ የቧንቧ መጋጠሚያ ይከፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች የሙከራ ናቸው።

ችግሩ ሲበዛ ከየት ልጀምር ያሰኛል። በድንገተኛ ክፍል የምንጀምረው ብዙ ከሚጮኸው ሳይሆን ቶሎ ከሚሞተው ነው። እዚህም የማይዘጋው በር ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ ጋዝ። የእነዚህ ቤቶች ምድጃና ማሞቂያ፣ ብዙ ጊዜም ማቀዝቀዣው፣ ፕሮፔን በሚባል የሲሊንደር ጋዝ ይሠራሉ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውም ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው ለዚህ ነው። የጋዝ ሽታ ከመጣ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አያስፈልግም፤ ሁሉም ይውጣ፣ ሲሊንደሩ ከውጭ ይዘጋ፣ ባለሙያ ሳያየው አይከፈት። እዚህ ቡታጋዝ የምንጠቀም እናቶች የሳሙና አረፋ መጋጠሚያው ላይ ቀብተን አረፋው ሲነፋ የሚያፈሰውን ቦታ እንደምናውቀው፣ እዚያም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል። ማጥበቁ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽታ የሌለው ገዳይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። የከሰል ጭስ በዘጉት ቤት ምን እንደሚያደርግ አገራችን በብዙ ሐዘን ታውቀዋለች። በትክክል የማይነድ ማሞቂያ ወይም መስኮት ሥር የተቀመጠ ጄኔሬተርም ያንኑ ያመጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ግራ መጋባት ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ምግቡን አትጠርጥሩ፤ ወጥታችሁ እርዳታ ጥሩ። የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን የመሞከሪያ ቁልፍ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ተጫኑ።

ሦስተኛ፣ ጎማና ፍሬን። የጎማው ብሎን በመጀመሪያዎቹ አሥራዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሊላላ ስለሚችል ቆም ብሎ በመመሪያው ልክ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። የጎማ ነፋስ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ተሳቢው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ተለጥፎበት ይገኛል፤ ዕቃ ከተጫነ በኋላ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አውጥቶ ማየት ይቻላል።

አራተኛ፣ ውሃ። ውሃ ቀስ ብሎ የሚገድል በሽታ ነው። በጣሪያው ስንጥቅ የገባ ጠብታ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ሻጋታ ያበቅላል፤ የውጩ ግድግዳ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያብጣል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ሻጋታ ቀልድ አይደለም። ከዝናብ በኋላ የጣሪያውን ጥግ፣ የመስኮቱን ዙሪያና ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ፤ የሚለሰልስ ወይም የሚረጥብ ነገር ካለ በዚያው ቀን ጻፉት።

አምስተኛ፣ «የአዲስ ዕቃ ሽታ»። ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ደስ አይለኝም። ከኮምፔንሳቶና ከችፑድ ሙጫ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። በሆስፒታል የሰውነት ናሙና የምናስቀምጥበት ፎርማሊን የሚዘጋጀው ከእሱ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡብ ሲመታ መንግሥት ቤት አልባ የሆኑትን በእንደዚህ ዓይነት ተሳቢዎች አስጠለለ። ነዋሪዎቹ ዓይናችን ተቃጠለ፣ ሳልን፣ ነሰረን ማለት ጀመሩ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ማብቂያና በ2008 መጀመሪያ 519 ቤቶችን ለክቶ ከተለመደው መኖሪያ ቤት እጅግ የሚበልጥ መጠን አገኘ፤ ሙቀት ጋዙን ስለሚያበዛው ሰዎቹ በጋ ሳይገባ እንዲወጡም መከረ። በ2010 ደግሞ በተጣበቀ እንጨት ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን የሚወስን ሕግ ወጣ። ያ ሁሉ የመጣው ያማቸው ሰዎች «አዲስ ነው፣ ነፃም ነው» ብለው ዝም ስላላሉ ነው። አዲስ ተሳቢ ስትገዙ መስኮቱን ሁሉ ከፍታችሁ ለቀናት አናፍሱት፤ በሙቀት ቀን ተዘግቶ የዋለ ቤት ውስጥ ሕፃን አታስተኙ።

አሁን ወደ ሻጩና ገዢው እንምጣ። ከመፈረም በፊት ሙሉ ግማሽ ቀን ለምርመራ መስጠት ተገቢ ነው። ውሃ፣ መብራትና ጋዝ ተያይዞለት ቧንቧው ሁሉ ይከፈት፣ ሽንት ቤቱ ይሞከር፣ ተንሸራታቹ ግድግዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ይውጣ ይግባ፣ ጣሪያው በመሰላል ይታይ። ጉድለት ከተገኘ «በኋላ እናስተካክላለን» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ይስፈር፤ የሚሻለው ግን ሳይስተካከል አለመፈረም ነው። ብዕር እጃችን ላይ እያለ ሁሉም ያከብረናል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደግሞ ከሻጩ ሳትርቁ እደሩበት።

ከፈረሙ በኋላ ችግር ለሚገጥማቸው ያለኝ መድኃኒት የሕመምተኛ ካርድ ነው። ልጄ በመጨረሻ እሺ ብላ አንድ ደብተር ገዛች። የተገኘውን ጉድለት፣ ቀኑን፣ ለማን እንደተናገሩና ምን እንደተመለሰላቸው ጻፈች፤ እያንዳንዱን ፎቶ አነሳች። አማቼ ይህን ሁሉ በኢሜይል ለሻጩም ለፋብሪካውም ላከ። የሚገርመው፣ ጉዳዩ ደብተር ላይ ሲሰፍር በመካከላቸው የነበረው «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ቀረ። ጥፋቱ የዕቃው መሆኑ በቁጥር ታየ፤ አሥራ አራት ነበር። ፋብሪካው የጋዙንና የሶኬቱን ጉዳይ ሲያይ ቤት ድረስ የሚመጣ ጠጋኝ ፈቀደላቸው፤ ለተንሸራታቹ ግድግዳና ለጣሪያው ብቻ ወረፋ ጠበቁ። ግድግዳው ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ነው የተስተካከለው። የሄዱት በነሐሴ ነው፣ ለሦስት ሌሊት ብቻ።

እዚያ ላሉ ልጆቻችን ጥቂት ልጨምር። ዋስትና ያለበትን ነገር ፋብሪካው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ራሳችሁ አትፍቱ፣ ሌላ ጠጋኝም አታስነኩ፤ ክፍያውን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያውና ጎማው ብዙ ጊዜ የየራሳቸው ፋብሪካና የየራሳቸው ዋስትና ስላላቸው ወረቀቶቹን አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ለጥገና በገባ ቁጥር የገባበትና የወጣበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተቀበሉ። አሜሪካኖች ደጋግሞ የሚበላሽ አዲስ መኪና «ሎሚ» ይሉታል፤ ገዢውን የሚጠብቅ የሎሚ ሕግ የሚባልም አላቸው። ሕጉ በአንዳንድ ክፍለ ግዛት ተሳቢን ይጨምራል፣ በሌላው አይጨምርም፤ የራሳችሁን ጠይቁ። ከእሱ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ፣ በመላ አገሪቱ የሚሠራ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትናን የሚመለከት ሕግ አለ። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት ያለባቸውን ተሽከርካሪዎች ዝርዝር ያወጣል፤ የተሳቢውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አስገብታችሁ ፈልጉ። እዚያ ከተገኘ ጥገናው በነፃ ነው።

ደግሞ ስልኩን የሚያነሳውን ሠራተኛ አትቆጡት። እሱ ተሳቢውን አልሠራውም። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ላይ የጮኸ ሕመምተኛ ወረፋው ሲያጥርለት አይቼ አላውቅም፤ በትህትና ስሙን ጠይቆ በየሳምንቱ በቀጠሮው የሚደውለው ግን አይረሳም።

«እኛ እዚህ ተሳቢ ቤት የለንም፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አዲስ ማቀዝቀዣ ግን እንገዛለን፣ ባጃጅ እንገዛለን፣ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ እንረከባለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ይሉኝታ ይዞት የዘገየ ሰው መብቱንም ያዘገያል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በቅርቡ የገዛችሁትን ዕቃ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ፈልጉና መቼ እንደሚያበቃ የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉት። ውጭ አገር ያለ ልጅ ካላችሁም ስትደውሉ ይህንኑ አስታውሱት። ሳምንት ስለ አረጋውያን እንቅልፍ ማጣት እንጨዋወታለን።