ዝሆኔ የሊምፍ ቧንቧ በሽታ እንጂ እርግማን አይደለም

እንደሚታወቀው ስለ ደም ዝውውር ሲጠየቅ ልብንና የደም ሥሮችን የማይጠራ ተማሪ የለም። ስለ ሊምፍ ሲጠየቅ ግን አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። አስተማሪውም ብዙ ጊዜ ነካ አድርጎት ያልፋል። በእኔ አስተያየት ይህ በተለይ በእኛ አገር ትልቅ ጉድለት ነው።

ኅብረተሰባችን ሊምፍን በስሙ አያውቀው እንጂ በሥራው ያውቀዋል። እግሩ የቆሰለ ልጅ ብሽሽቱ ሲያብጥ እናቶች «ንፍፊት ወጣበት» ይላሉ። ይህ ያበጠው ነገር የሊምፍ ዕጢ ነው። በቁስሉ የገባው ጀርም ወደ ደም ከመዝለቁ በፊት እዚያ ይያዛል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይዋጉታል። እንዲህ ያሉ ዕጢዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ይበዛሉ። ጣፊያም ከዚሁ ሥርዓት ወገን ነው።

ሁለተኛው ሥራው ፈሳሽ መመለስ ነው። ከደቃቅ የደም ሥሮች ወደ ሥጋችን የሚሰርገው ፈሳሽ ሁሉ በመጣበት አይመለስም። የሚተርፈውን፣ በቀን ወደ 3 ሊትር የሚጠጋውን፣ የሊምፍ ቧንቧዎች ሰብስበው አንገት ሥር ካሉት ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች ይጨምሩታል። እንደ ልብ ያለ ገፊ የላቸውም። የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽና የቧንቧዎቹ መኮማተር ይገፋዋል፤ በውስጣቸው ያሉት ክዳኖችም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። ታዲያ ቧንቧው ቢደፈንስ? ቦዩ የተደፈነ ግቢ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን የጅማ ሰው አይጠፋውም። እግርም እንደዚያው ነው፤ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። ዝሆኔ የምንለው ይኸው ነው።

እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ያጠናውና ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው ይህንን ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳው ይገባል። ቅንጣቱ የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያስቆጣል፣ ያጠባል፣ በመጨረሻም ይደፍናል። በወላይታ፣ በጎጃምና በወለጋ ብዙ ሰው ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት መሠረት የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ቀዩ አፈር፣ ዝናቡና ከፍታው ደግሞ ከበቾ ቦሬ ወጣ ሲሉ በየቡናው ማሳ እኛም ዘንድ አለ።

አንዳንዶች «በዘር ነው የሚሄደው፣ ምን ይደረጋል?» ይላሉ። በዚህም ምክንያት ጋብቻ ይፈርሳል፤ ልጆች በወላጃቸው እግር ተሰድበው ትምህርት ያቋርጣሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በትውልድ ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች እንዳሉ አሳይቷል። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። አፈሩ ካልነካው በሽታው አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንግዲህ የታማሚ ልጅ ከሁሉ በፊት ጫማ የሚያስፈልገው እንጂ የሚሸሽ አይደለም።

«ጫማ የሌለው ክፍል አይግባ» የሚል ደንብ ቢወጣ ይሻላል የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። ልጁ ጫማ ያላደረገው ጠልቶ ሳይሆን አጥቶ ነው። ካባረርነው ወደዚያው ቀይ አፈር መለስነው ማለት እኮ ነው! ይልቅ በትምህርት ቤቱ በር ውኃና ሳሙና ይኑር፤ ልጆች ገብተው እግራቸውን ይታጠቡ፤ ወላጆችና ቀበሌው ስለ ጫማው ይምከሩ። ለታመመውም ቢሆን ተስፋ አለ። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገተኛውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ታትሟል።

ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ ሆይ! ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ሊምፍን በሥዕል ብቻ አናስተምር። ከንፍፊት ጀምረን እስከ ዝሆኔ እናድርሰው። አባቱ ያልተረገመ መሆኑን ከአስተማሪው አፍ የሰማ ልጅ ነገም ተመልሶ ይመጣል።