የአንድ ስም ልጆች

ልጆቻችን የአራዊት ፊልም ሲያዩ ድምፃቸውን የሚለዩአቸው እንግሊዛዊ አዛውንት አሉ፤ ሰር ዴቪድ አተንቦሮ። «አተንቦሮ» የአባታቸው ስም እንዳይመስላችሁ። አባታቸው ፍሬድሪክ ይባሉ ነበር።

በእኛ ባህል ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። እንግሊዞች ግን ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ባለው ጊዜ አንድ የቤተሰብ ስም ለልጅ ልጅ ማውረስን ለመዱ። አንዱ ከሙያው፣ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከሚኖርበት ቦታ ስም ወጣለት። አተንቦሮ ከቦታ የመጣ ስም ነው። በኖቲንግሃምሻየር ዛሬም በዚህ ስም የሚጠራ መንደር አለ። «ቦሮ» የሚለው የስሙ ክፍል መነሻ ትርጉሙ የተመሸገ ስፍራ ነው።

«ስሚዝ» ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቀጥቃጭ በየመንደሩ ስለነበረ ሁለት ስሚዞች ቢገናኙ ዘመዳሞች ላይሆኑ ይችላሉ። ስማቸው ብርቅ የሆነ ሰዎችስ?

በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግ እና ማርክ ጆብሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ 40 የቤተሰብ ስሞችን ወስደው ከ1,600 በላይ ወንዶችን መረመሩ። ያዩት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ነው። ስሚዞች ከሌላው ሕዝብ የተለየ ዝምድና አልታየባቸውም። ከአተንቦሮዎች ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በእንግሊዝ እምብዛም የማይገኝ አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ተገኘባቸው። አብዛኞቹ ከአንድ አባት የወረዱ ይመስላል።

የቀሩትስ? በጉዲፈቻ ያደገ፣ የእናቱን ወይም የእንጀራ አባቱን ስም የያዘ በየዘመኑ አለ። እርሱም ግን አተንቦሮ ነው። እናቶችና አያቶች ደግሞ በዚያ ክሮሞዞም ውስጥ ጭራሽ የሉም፤ ያለ እነርሱ ግን ስሙን የሚሸከም ልጅ ባልተወለደ ነበር።

ዴቪድ ያደጉበት ቤትም ይህንኑ ያስተምራል። ወላጆቻቸው በ1939 ከናዚዎች ያመለጡ ሁለት አይሁዳውያን እህትማማቾችን ከበርሊን ተቀበሉ። ለአጭር ጊዜ የታሰበው ቆይታ ጦርነቱ ስለተነሳ ሰባት ዓመት ያህል ሆነ። ልጃገረዶቹ ከሦስቱ ወንዶች ልጆች ጋር በአንድ ማዕድ አደጉ። የደም ምርመራ ቢደረግ ግን ይህ ዝምድና አይታይም።

ስለዚህ ለልጆቻችሁ የዘር ሐረግ ስትቆጥሩ ከአባት ወደ አያት ብቻ አትሩጡ። ሴት አያቶችን በስማቸው ጥሩ። በቤታችሁ ያደገ፣ ያልወለዳችሁት ልጅ ካለም እርሱን ሳትዘሉ ቁጠሩ።