የቤተሰብ ጤና፦ «ከሳሁ፣ ጡቴም ለሰለሰ፤ ልጄን ጡት ላስጥለው?»



በዚህ ወር ከፎንቆ የደረሰንን የአንዲት እህት ጥያቄ እናስተናግዳለን። «የመጀመሪያ ልጄ አምስት ወሩ ነው። እንደወለድኩ ጡቴ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ አሁን ግን ለስልሶ አንሷል። እኔም ልብሴ እስኪሰፋኝ ከስቻለሁ። አማቴ ‹ወተትሽ አልቋል፣ የላም ወተት ስጪው› ይሉኛል። ጎረቤቶቼም ‹ጡትሽ ሳይወድቅ አስጥዪው› ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህታችን ሆይ! ጡት ለሰለሰ ማለት ወተት አለቀ ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት ደምና ፈሳሽ ስለሚበዛበት ይወጠራል፤ ቆይቶ ግን ምርቱን ልጁ በሚጠባው ልክ ያስተካክላል። የላም ወተት ሲጨመርለት ልጁ መጥባቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ወተትሽ በእርግጥም ያንሳል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የላም ወተት ለአንጀቱ ይከብደዋል፤ ጡጦው ካልጸዳም ተቅማጥ ያስከትላል። ስለዚህ ጡትሽን ሳይሆን ልጅሽን ተመልከቺ። በቀንና በሌሊት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ጤና ኬላ ሲመዘንም ክብደቱ እየጨመረ ከሆነ ወተትሽ ይበቃዋል።

ጡት ይወድቃል የሚባለውስ? ጡት የሚያድገውና ቆዳው የሚለጠጠው በእርግዝና ወቅት ነው፤ ያላጠባች እናትም ለውጡ አይቀርላትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጥናት ማጥባት በራሱ ጡትን እንደማያወርድ አሳይቷል። ምክንያቶቹ ዕድሜ፣ የእርግዝና ብዛት፣ የሰውነት ውፍረት፣ የጡት ትልቅነትና ሲጋራ ማጨስ ሆነው ተገኝተዋል። አንዱ ጡት ከሌላው ማነሱም በብዙ እናቶች ላይ የሚታይ ነው።

ክሳቱ ግን በቸልታ አይታለፍም። የምታጠባ እናት በቀን እስከ ሦስት ሩብ ሊትር የሚደርስ ወተት ትሰጣለች፤ ለዚህም 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ካላገኘች ወተቱ ቶሎ አይቋረጥም፤ ከራሷ ሰውነት ይወሰዳል። ልጁ ሲፋፋ እናቱ የምትከሳው ለዚህ ነው። በእርግዝና የተጨመረው ክብደት ቀስ በቀስ መቀነሱ ጤናማ ነው። ከቀድሞው ክብደትሽ በታች ከወረድሽ፣ ከደከመሽና ካዞረሽ ግን መፍትሔው ልጁን ማስጣል ሳይሆን አንቺን መመገብ ነው። ከወትሮው በተጨማሪ በቀን ሁለት ጊዜ ብዪ። ቆጮና ቡላ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ ገንቢነታቸው አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከቦሎቄ፣ ከጎመን፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከአይብ ጋር ብዪአቸው። ውኃም በጠማሽ ቁጥር ጠጪ።

ለአባወራውም አንድ ቃል አለን። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 መሠረት ማጥባትን ሙሉ ለማድረግ ለሚሻ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ የእናቲቱ ምግብና ልብስ በአባት ላይ ነው፤ ጡት ማስጣሉም በሁለቱ መመካከርና መስማማት የሚሆን ነው። እንግዲህ ምክክሩ የባልና የሚስት እንጂ የጎረቤት አይደለም። እናቲቱ እንሰት ስትፍቅና ውኃ ስትቀዳ ውላ የተረፈውን የምትበላ ከሆነ አባት አደራውን አልተወጣም። በረመዳንም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ እናት እንድታፈጥር ሸሪዓችን አቅልሎላታል፤ የቀዷውን ጉዳይ ዓሊም ትጠይቅ።

ጡት ቀልቶ ቢያተኩስና ትኩሳት ቢኖር ማጥባቱን ሳታቋርጪ ፈጥነሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት፣ እንዲሁም ሳል ወይም የሌሊት ላብ ያለበት ክሳት ካለ አትዘግዪ፤ ሆሳዕና የሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ቅርብሽ ነው።

እህታችን፣ ለአማትሽ ይህን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቢላቸው፤ ጭንቀታቸው ለልጅ ልጃቸው ነውና ይረዱሻል ኢንሻአላህ። አላህ ለአንቺም ለልጅሽም ዓፊያ ይስጣችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።