ሪሞቱ በማን እጅ ነው?

ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ቪዲዮ ስታዩ ጀርባው ግሎባችሁ ያውቃል? የእኔ አንዳንድ ቀን እጄ ላይ አላስቀምጥ ይላል። ውስጡ ያለችው ቺፕ የምትበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ያንን ስልክ በብዙ ሺህ አባዙትና አንድ አዳራሽ ውስጥ ደርድሩት። ዩቲዩቡም፣ የምትጠይቁት ቻትቦትም የሚኖረው እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ዳታ ማዕከል ይሉታል። ሌት ተቀን ካልቀዘቀዘ ይቆማል።

የዚህን ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉግልና እህት ኩባንያው ዲፕማይንድ በጉግል ዳታ ማዕከል ሞክረውት፣ ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን ኃይል እስከ 40 በመቶ ቀነስን አሉ። ዜናው ያኔ ዓለምን ዞረ። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ አሠራሩ ነው የሳበኝ።

በትልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን አለ፣ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ አለ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚበትን ማማና ፋን አለ። አንዱን ስትነኩት ሌላው ይናጋል። የውጭው አየር ሲለወጥ ደግሞ ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። የቆየ ባለሙያ ይህንን በልምድ ያውቀዋል፤ ግን የሺዎች መለኪያዎችን ንባብ በአንድ ጊዜ የሚያይ ዓይን የለውም። ማሽኑ የተሰጠው የዓመታት መዝገብ ነው፦ በዚህ ሰዓት ሙቀቱ ይህን ያህል፣ ፓምፑ በዚህ ፍጥነት፣ የተበላው ኃይል ይህን ያህል። ከዚያ ተነስቶ «ይህን ባደርግ ምን ይሆናል?» የሚለውን መገመት ተማረ።

መጀመሪያ ምክር ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ማብራት ማጥፋቱ የሰው ሥራ ነበር። በ2018 ግን መሪውን ራሱ ያዘ። በየ5 ደቂቃው የመለኪያዎቹን ንባብ ይወስዳል፣ ይወስናል፣ ይፈጸማል። ሲጀምር 12 በመቶ ገደማ ነበር የሚቆጥበው፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ፣ መዝገቡ እየበዛ ሲሄድ፣ ወደ 30 በመቶ ደረሰ።

ብዙዎች የዘለሉት ግን ይሄን ነው፦ ማሽኑ ልጓም ነበረው። እርግጠኛ ያልሆነበትን እርምጃ አይወስድም። የላከው ትእዛዝ በማዕከሉ የራሱ መቆጣጠሪያ ዳግም ይፈተሻል፤ ከተፈቀደው ገደብ ካለፈ አይፈጸምም። ባለሙያዎቹም በፈለጉ ሰዓት መሪውን መቀበል ይችላሉ። መሐንዲሶቹ የበለጠ መቆጠብ ይቻል እንደነበር እያወቁ፣ ለደኅንነት ሲሉ ሆን ብለው ማሽኑን በጠባብ ሜዳ አሠሩት። ለእኔ የሥራው ጥበብ እዚህ ላይ ነው።

ከጉግል ግቢ ውጭስ? በ2022 ዲፕማይንድ ከማቀዝቀዣ አምራቹ ትሬን ጋር በሁለት ሌሎች ተቋማት ሞክሮ ያገኘው ቁጠባ 9 እና 13 በመቶ አካባቢ ነው። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን 40 አይደለም። ስለዚህ ነገ አንድ ሻጭ መጥቶ «የሕንፃህን የመብራት ወጪ በግማሽ እቆርጥልሃለሁ» ቢል፣ ረጋ ብሎ መስማት ነው። ደግሞ መቆጠብና መቀነስ ለየቅል ናቸው። ይሄ ሁሉ ብልሃት ያለው ጉግል ራሱ በ2023 የለቀቀው የካርቦን ልቀት ከ2019ኙ በ48 በመቶ በልጦ ነበር፤ ዋናው ምክንያት የዳታ ማዕከሎቹ የኃይል ፍላጎትና የአቅራቢዎቹ ልቀት ነው። እያንዳንዱ አዳራሽ ቆጣቢ ይሆናል፣ አዳራሾቹ ግን ይበዛሉ።

እስካሁን ያወራሁት ሰርቨር ስለሚኖርበት ክፍል ነው። ሰርቨር ሲሞቀው አያማርርም። ሰው ሲገባበትስ?

በነሐሴ 2022 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት አገር፣ በከባድ ሙቀት ቀን 22 ሺህ የሚሆኑ የኤክሴል ኢነርጂ ደንበኞች የቤታቸውን ማቀዝቀዣ ዝቅ ከፍ ማድረግ አቃታቸው። ግድግዳ ላይ ያለችውን፣ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘች መቆጣጠሪያ ኩባንያው ከሩቅ ቆልፏት ነበር። ስርቆት አይደለም፤ ሰዎቹ 100 ዶላር፣ ከዚያም በየዓመቱ 25 ዶላር ቅናሽ ሊያገኙ ራሳቸው ተመዝግበዋል። በሌላ ጊዜ አልፈልግም ብሎ መልሶ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ «የኃይል አደጋ» በተባለበት በዚያን ቀን ግን አልተቻለም። ቆላፊው የሚማር ማሽን አልነበረም፣ እውነት ነው። ግን የሚማረው ማሽንም የሚገባው በዚያው በር ነው። «ወጪ ቀንስ» ካላችሁት ወጪ ይቀንሳል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የታመመች እናት እንዳለች ካልነገራችሁት አያውቅም።

ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ መስኮት በመክፈት ብቻ መገላገል የምትችል ከተማ ናት። እኛ ግን ፎቁን በመስታወት ሸፍነን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ ከሰዓት በኋላ ኤሲ እንለምናለን። ቢሮዬ ውስጥ ሪሞቷን ቀድሞ ያገኘ 16 ላይ ያደርገዋል፤ ጥግ ላይ ያለችው ባልደረባዬ ጃኬት ደርባ ትሠራለች። የሚማር ማሽን ይሄን ጉድ ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ባለፈው ለጥገና የመጣውን ባለሙያ «ይሄ ማሽን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚበላ የተመዘገበበት ነገር አለ?» አልኩት።

«መዝገብ?» አለኝ እየሳቀ። «ሲበላሽ ይደውላሉ፣ እመጣለሁ።»

የመብራት ቆጣሪው ለሕንፃው በሙሉ አንድ ነው፤ ማቀዝቀዣው ለብቻው ምን እንደሚበላ የሚያውቅ የለም። ማሽን ደግሞ ካልተጻፈ ነገር አይማርም። ስለዚህ ዛሬ ፎቅ የሚያስገነባ ሰው ከሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በፊት ለማቀዝቀዣው የራሱን ቆጣሪ ያስገባ፣ ንባቡንም በየቀኑ ያስመዝግብ። ሥርዓቱን የሚገዛ ቀን ደግሞ ውሉ ላይ አንድ መስመር ያስጨምር፦ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሰው፣ በየትኛውም ቀን፣ ማሽኑን «ተው» የሚልበት ቁልፍ ይኑረው።