ነፋስ ብርድን እንዴት ያበረታዋል?

በዚህ ወር የምንጽፈው በጂንካ ከጎረቤቶቻችን አንዲት እናት ስላቀረቡልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ከሄደ ገና ጥቂት ወራት ነው። በኅዳር አንድ ቀን በስልክ፥ «እማዬ፥ ዛሬ ንጋት ላይ ብርዱ 5 ዲግሪ ነበረ፤ ከነፋሱ ጋራ ሲታሰብ ግን 0 ነው አሉን» ብሎ ነገራቸው። እኒህም እናት ቅቤ እየሸጡ ያጠራቀሙት ጥቂት ገንዘብ አላቸውና፥ «ሁለተኛ ጋቢ ልላክለት ወይስ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት? ደግሞስ ከሁለቱ ቍጥሮች እውነተኛው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁን።

ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ነው። 5 ዲግሪ የተባለው የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። 0 የተባለው ደግሞ በነፋስ ውስጥ የቆመ ሰው ፊቱ ሙቀቱን የሚያጣበት ፍጥነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ገላ ወደ 37 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ስላለው፥ በዙሪያው ያለውን አየር እያሞቀ በዓይን የማይታይ ስስ የአየር ልብስ ለራሱ ያበጃል። ጋቢ የሚያሞቀንም በድርብርቡ መካከል ይህን አየር ይዞ ስለሚያቆይልን ነው። ነፋስ ሲመጣ ግን የሞቀውን አየር ገፎ ቀዝቃዛውን ይተካል፤ ገላም እንደ ገና ሊያሞቅ ይደክማል። ትኩስ ቡና እፍ የምንለው ስለዚሁ አይደለምን?

ሆኖም ነፋስ የሞቀውን ነገር ቶሎ ያበርደዋል እንጂ ደረቁን ዕቃ ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። አየሩ 5 ዲግሪ ሲሆን የብረት በር ነፋስ ሲመታው ቢያድር ከ5 ዲግሪ አይወርድም።

ይህን ጉዳይ በቍጥር የለኩት ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። በደቡብ ዋልታ በረዶ ምድር ሳሉ፥ ውሃ የተሞላ ዕቃ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ሰቅለው ውሃው በነፋስ በስንት ጊዜ እንደሚረጋ መዘገቡ፤ ውጤቱንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 አሳተሙ። በ2001 ደግሞ አሜሪካና ካናዳ በሰዎች ፊት ላይ ተፈትኖ የተሻሻለ ስሌት አወጡ።

ስሌቱን ተማሪ ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። የአየሩን ዲግሪ በ0.6215 አባዝታችሁ 13.12 ጨምሩበት። የነፋሱን ፍጥነት በሰዓት በኪሎ ሜትር ወስዳችሁ ወደ 0.16 ኀይል አንሡት። ይህን በ11.37 አባዝታችሁ ከፊተኛው ቀንሱ። በመጨረሻም ያንኑ የነፋስ ቍጥር በአየሩ ዲግሪና በ0.3965 አባዝታችሁ ደምሩ። አየሩ 5 ዲግሪ፥ ነፋሱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን የነፋሱ ቍጥር 1.723 ይሆናል። ስለዚህ 16.23 ሲቀነስ 19.59፥ ሲደመር 3.42፤ ውጤቱ 0 ያህል ነው። የልጁ ወሬ ትክክል ነበረ።

በዚያው በ5 ዲግሪ ነፋሱ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 3፥ 20 ቢሆን 1 ይሆናል። እንግዲህ ከነፋስ ሁሉ ብዙ ሙቀት የሚገፈው የመጀመሪያው ለስላሳ ነፋስ ነውና ማንም አይናቀው። ነፋስ በሌለበትም ቀን በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው ነፋሱን ራሱ ይሠራዋል።

ለእኛ ለጂንካ ሰዎች ግን ይህ ስሌት አያገለግልም፤ የሚሠራው አየሩ ከ10 ዲግሪ ሳይበልጥ ነውና። እንዲያውም ወደ ኦሞራቴ ቈላ ወርደን አየሩ ከገላችን ቆዳ ሙቀት፥ ማለት ከ35 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ፥ ላብ ባያበርደን ኖሮ ነፋሱ ሙቀት ይጨምርብን ነበር እንጂ አይቀንስልንም።

ነገር ግን «አገራችን ሞቃት ነው» ብለን እንዳንዘናጋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እርጥበት ነው። የሸክላ እንስራ በላብ መልክ ውሃ እያወጣ ውስጡን እንደሚያቀዘቅዝ እናውቃለን። እርጥብ ገላም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ስሌቱ የተሠራው ለደረቅ ፊት ስለ ሆነ ይህን አይቈጥርም።

ይህንም የምናነሣው ስለ ሕፃናት ነው። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና ማልደው ሲመጡ፥ ከጥምቀቱ በኋላ እርጥብ ሕፃን በደጀ ሰላም ነፋስ ሲቆይ አይተናል። ሕፃን ገላው ትንሽ፥ ራሱ ትልቅ፥ ሙቀቱም በቶሎ የሚያልቅ ነው። የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ከወረደ ሐኪሞች ብርድ መትቶታል ይላሉ። ስለዚህ የክርስትና አባት ወይም እናት ደረቅና ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ሕፃኑን እንደ ተቀበሉ ወዲያው ያድርቁት፤ እርጥቡን ጨርቅ ይጣሉ፤ ራሱን ይሸፍኑ፤ ከእናቱም ደረት ላይ ገላ ለገላ ያስተኙት። ይህ ከሥርዓቱ አንዳች አያጎድልም። ሕፃኑ ከቀዘቀዘ፥ ከደከመና ጡት እምቢ ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በጥምቀትም ዕለት ጠበል የተረጩትን ልጆችና ሽማግሌዎች ልብሳቸውን መለወጥ አይዘንጋ።

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ። ልጃቸው አንድ ጋቢ አለው። ጋቢ ለመኝታና ለቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ሽመናው የላላ ስለ ሆነ ነፋስ ያልፈዋል። በነፋስ መካከል ለሚሄድ ሰው ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ልብስ፥ ከውስጥ የሚያሞቅ ልብስ ይሻላል። ስለዚህ ካፖርቱን መከርናቸው፤ ጆሮን የሚሸፍን ቆብም እንዲጨምሩ ነገርናቸው። ገዝተውም ላኩ። ለሁለተኛው ጋቢ ደግሞ የሚመጣውን የቅዳሜ ገበያ እየጠበቁ ነው።