«ያድግበታል» ለጎልፍ ዱላ አይሠራም

ሐበሻ ወላጅ ሆኖ «ያድግበታል» ብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ በልጅነታችን የለበስነው ዩኒፎርም እጅጌው ሦስት ጊዜ ታጥፎ ነው ሥራ የጀመረው። አንደኛው ዓመት ላይ ጣታችንን የሸፈነ ሹራብ በሁለተኛው ልክ ይሆናል፣ በሦስተኛው ክርናችን አጠገብ ይደርሳል፣ በአራተኛው ለታናሽ ይተላለፋል። ጫማም ያው ነው። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጠቅና «ይኸው ልክ ሆነ!» ይባላል። ማንንም እየወቀስን አይደለም። ደሞዝ አንድ፣ ልጅ አምስት በሆነበት ቤት ይህ ስሌት ብልኃት ነበር።

ችግሩ ስሌቱ ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ አሜሪካ መግባቱ ነው። ገብቶም ልብስና ጫማ ላይ አልቆመም፤ የጎልፍ ሜዳ ድረስ ዘለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን የዘጠኝ ዓመት ልጁን ጎልፍ ሊያስጀምር ወሰነ። ለምን ቢሉ፣ የአንድ የሥራ ባልደረባው ልጅ በጎልፍ የኮሌጅ ነፃ ትምህርት አገኘ ሲባል ሰማ። ቅዳሜ ዕለት ሰፈር ውስጥ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ሙሉ የአዋቂ ዱላ ከነቦርሳው በርካሽ ገዝቶ መጣ። ረዘመ ሲባል የብረት መጋዝ አወጣና ከላይ ከላይ ቆራረጠው። ሁለቱን ግን ሳይነካ ተዋቸው። «እነዚህን ያድግባቸዋል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚያሳዝን ነው። ልጁ ዱላውን በሁለት እጁ አንስቶ ሲወነጭፍ ዱላው ራሱ ልጁን ይወነጭፈዋል። ኳሷ ወይ አትነካም፣ ወይ እንደ ድንች ትንከባለላለች። የእጁን አንጓ አመመኝ አለ። አባት በበኩሉ «ሰነፍ ነህ፤ ጨክነህ አትመታም። እኔ በአንተ ዕድሜ ውሃ ተሸክሜ ዳገት እወጣ ነበር» አለው። በሁለት ወሩ ቦርሳው ጋራዥ ውስጥ ከበረዶ መዛቂያው አጠገብ ተጋደመ፤ ልጁም ስለ ጎልፍ ሲነሳ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጨዋታ የሚጀምረው። እኛ ጋዜጠኝነት ተማርን እንጂ ጎልፍ አልተማርንም። ነገር ግን የተማርነው ሙያ አንድ ነገር አስለምዶናል፦ ፍርድ ከመስጠት በፊት መጠየቅ። «ልጁ ሰነፍ ነው» የሚለው ፍርድ ከመጽናቱ በፊት ጠየቅን፣ አነበብን፣ የልምምድ ሜዳ ድረስ ሄደን አየን። ያገኘነው መልስ አጭር ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጥፋቱ የዱላው ነው።

ለምን?

የአዋቂ ዱላ ሲቆረጥ የሚያጥረው ዘንጉ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ክብደቱ የአዋቂ እንደሆነ ይቀራል። በዚያ ላይ ዘንጉ ባጠረ ቁጥር ይደርቃል፤ መተጣጠፉ ይቀንሳል። የአዋቂ ዘንግ የሚለመጠው ለአዋቂ ፍጥነት ነውና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክንድ ግን ያንን ፍጥነት ከየት ያመጣል? መያዣውም ለአዋቂ መዳፍ የወፈረ ስለሆነ ትንሽ ጣት አይዞረውም። ልጁ እንዳያመልጠው ጨምቆ ይይዛል። ጨምቆ የያዘ ክንድ ደግሞ አይወናጨፍም።

ያልተቆረጠው ረጅሙ ዱላስ? እሱማ ይብሳል። ልጁ ከኳሷ ርቆ ይቆማል፣ ዱላው ከታች ወደ ላይ ሳይሆን እንደ መጥረጊያ በጎኑ ዙሪያ ይዞራል፣ የዱላው አፍንጫ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ያያል። ኳሷን ለማንሳት ሲል ወገቡን ወደ ኋላ ያጎብጣል። ይህንን ስድስት ወር ከደጋገመ ልማድ ይሆንበታል። በኋላ ትክክለኛ ዱላ ቢገዛለት እንኳ ልማዱን ለማስለቀቅ የሚከፈለው የአሠልጣኝ ገንዘብ ከዱላው ይበልጣል። እንግዲህ «ያድግበታል» ያልነው ዱላ ነው ወይስ ስህተቱ?

«ቆይ፣ ቆይ! ታይገር ውድስስ?» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። ወንድማችንም የመጀመሪያ መከላከያው እሱ ነበር። እውነት ነው፤ ታይገር ሕፃን ሳለ አባቱ ኤርል ዱላ ቆርጦ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ በማይክ ዳግላስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ መትቷል። የስፔኑ ሴቬ ባዬስቴሮስም በልጅነቱ በፔድሬኛ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ አንድ ባለ 3 ቁጥር አይረን ይዞ ነው ጨዋታውን የተማረው። ግን ከእነዚህ ታሪኮች የምንወስደው ትምህርት የቱን ነው? እኛ የምናየው ሁለቱም ሙሉ ቦርሳ ሳይሸከሙ መጀመራቸውን ነው። አንድ ዱላ ይበቃ ነበር። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን ለልጅ ተብሎ የተሠራ ዱላ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ መጋዙ የግድ ነበር። ዛሬ በቁመት ተለክቶ፣ ዘንጉ ቀልሎ፣ መያዣው ቀጥኖ የሚሠራ ዱላ እያለ መጋዝ ማንሳት የምን ችኩልነት ነው?

ደግሞስ ይህን ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ ይገባ ነበር? ገና ጨዋታን አስታውሱ። ገጠር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ልጅ ለገና ዱላ ፍለጋ ጫካ ሲገባ የአባቱን ዱላ ይዞ አይመለስም። ጫፉ የተቆለመመ፣ ለእጁ የሚቀል፣ ለቁመቱ የሚስማማ እንጨት መርጦ ይቆርጣል፤ ልጦ፣ በእሳት ለብልቦ ያስተካክለዋል። ሩሯን የሚያሳድደው በራሱ ልክ ነው። በገና ሜዳ ለሎሌና ለጌታ የተፈቀደው እኩልነት ለልጁም ተፈቅዶለታል፦ በልኩ መጫወት። አያቶቻችን ያለ መመሪያ የገባቸው ነገር እኛን ጎልፍ ሲባል ለምን ጠፋን?

እሺ፣ ታዲያ ምን እንግዛ?

የመጀመሪያው ነገር ሜትር ማውጣት ነው። የልጅ ዱላ የሚመረጠው በዕድሜ አይደለም፤ በቁመት ነው። ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች በአንድ ጭንቅላት ሊበላለጡ ይችላሉ። ለልጆች ብቻ ዱላ የሚሠራው ዩኤስ ኪድስ ጎልፍ ለምሳሌ መጠኖቹን በየ3 ኢንች የቁመት ልዩነት ነው የከፋፈላቸው። 3 ኢንች ማለት 7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ያለ ልጅ ጉርምስና እስኪመጣ ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። አካፍሉት፤ አንድ መጠን ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ያገለግላል ማለት ነው። ጉርምስናው ሲመጣ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ወላጅ ውድ ነገር አይገዛም፣ ሲጠብም አይናደድም።

ለ«ያድግበታል» ትንሽ በር እንተውለት ካላችሁ፣ በሩ አንድ ኢንች ነው። ልጁ መያዣውን አንድ ኢንች ዝቅ አድርጎ ይዞ በምቾት መምታት ከቻለ ዱላው ይሆነዋል። ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ግን ትርፉ ሆዱን ይወጋዋል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሱቅ ውስጥ ለሻጩ ወሬ ጆሮ ከመስጠታችሁ በፊት ልጁ ዱላውን በአንድ እጁ ከፊቱ ዘርግቶ ይያዝና እናንተ እስከ አሥር ቁጠሩ። ክንዱ ከተንቀጠቀጠ መልሱ። ከዚያ ኳስ ሊመታ እንደሚቆም ሆኖ ይቁም፤ የዱላው እግር መሬት ላይ ጠፍጠፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ግራኝ ከሆነም የግራኝ ዱላ አለ። በቀኝህ ምታ ብሎ ማስገደድ ካልቀረ፣ ማንኪያ ላይ ያደረግነውን ግፍ እዚህም ልንደግመው ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። የጎልፍ ሕግ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል። ይፈቅዳል እንጂ አያዝም! ለጀማሪ ልጅ አራት ይበቃዋል፦ ሣሩ ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚገፋበት ፓተር፣ ከቅርብ ከፍ አድርጎ የሚያነሳበት ዌጅ፣ ለመሐል ርቀት ባለ 7 ቁጥር አይረን፣ ለሩቁ ደግሞ ፊቱ ጋደል ያለ ሃይብሪድ። ወንዶቹ የሚፎክሩበት ትልቁ ድራይቨር ይቆይ። ፊቱ ቀጥ ስለሚል ቀስ ብሎ ለሚመታ ልጅ ኳሷን ከመሬት አያነሳለትም። ልጅን ጎልፍ ላይ የሚያስቀረው ኳሷ ስትበር ማየቱ ነውና ያቺን ደስታ አትንጠቁት።

አራተኛው፣ ያገለገለ ግዙ። ልጆች ከዱላው ቀድመው ስለሚያድጉ ገበያ ላይ የሚወጣው የልጅ ዱላ ብዙውን ጊዜ ብዙም ያልተነካ ነው። ጫፉን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንኳኳ ተዉት። ዘንጉ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በጣታችሁ ዳብሱት። መያዣው ካዳለጠ ግን አያስደንግጣችሁ፣ ይቀየራል። ከመግዛታችሁም በፊት ልጁን የምታስመዘግቡበት ቦታ ዱላ ያውስ እንደሆነ ጠይቁ። መጠየቅ ነፃ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ ይቆጨናል። ወንድማችን ሴት ልጅም አለችው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ጎልፍ ሲታሰብ እሷ አልታሰበችም። «እሷ የወንድሟን ትርፍ ትጠቀማለች» ነው የተባለው። እዚህ እኛ ተቆጣን። ልክ የሆነ ነገር ለወንዱ፣ «ያድግባታል» ለሴቷ የሚለው አከፋፈል ከሹራብ ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለንና! የዋሽንግተን የጎልፍ ታሪክ ራሱ ለዚህ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1937 በከተማዋ አሥራ ሦስት ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው ዌክ ሮቢን የተባለ የጎልፍ ክለብ መሠረቱ። ያን ጊዜ የከተማዋ ደህና ሜዳዎች ለጥቁር ዝግ ነበሩ። ሴቶቹ አቤቱታ ጻፉ፣ ተከራከሩ። በ1939 ለጥቁር ተጫዋቾች የላንግስተን ሜዳ ተከፈተ፤ በ1941 ደግሞ የፌዴራል መሬትና ፓርኮችን የሚያስተዳድረው ሚኒስትር ሃሮልድ ኢክስ የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ አደረገ። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር ከነጭ በቀር አባል አልቀበልም የሚለውን አንቀጽ የሰረዘው እንኳ ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1961 ነው። ዛሬ የእኛ ልጆች በነፃነት የሚገቡበትን በር ከከፈቱት መካከል ሴቶች አሉ። ታዲያ በተከፈተ በር የእኛን ልጅ በወንድሟ ትርፍ ዱላ ልናስገባት ነው?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ባለፈው የጸደይ ወቅት ሁለቱንም ልጆች ይዘን የልምምድ ሜዳ ሄድን። አሠልጣኙ የልጁን ቁመት በዓይኑ ለካ፣ ከሳጥን ውስጥ አንድ ባለ 7 ቁጥር አይረን አውጥቶ ሰጠው። ምንም አላለም። ልጁ ሦስት ጊዜ ሳታት። በአራተኛው አንዲት ንጹሕ ድምፅ ተሰማች፣ ኳሷም ተነሳች። ሩቅ አልሄደችም፤ ግን በረረች። ልጁ ዞሮ ያየው እኛን አይደለም። «አባዬ፣ አየሃት?» አለ።

ወንድማችን አይቷታል። መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ሰነፍ ያልኩት ልጅ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እህቱም በተራዋ ለቁመቷ የሚሆን አንስታ መታች። እሷ እንኳ በሁለተኛው ነው ያገኘቻት!

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። እኛ ዕቁብ የምንጥል፣ ዕድር የምንገባ ሕዝብ ነን። ለምን የዱላ ዕቁብ አንጀምርም? አምስት ስድስት ቤተሰብ ተሰባስቦ የተለያየ መጠን ያላቸው ያገለገሉ ዱላዎች ይግዛ። የአንዱ ልጅ ሲያድግ ዱላው ወደ ቀጣዩ ይለፍ፣ እሱም ከበላዩ ካለው ይረከብ። ያኔ «ያድግበታል» የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ልጁ የሚያድገው ያለ ልኩ በተገዛ ዱላ ላይ ሳይሆን በማኅበሩ መሐል ይሆናል።

ነፃ ትምህርቱ? ይምጣም ይቅርም፣ የእግዜር ፈቃድ ነው። ልጁን ግን በዱላው ጥፋት ሰነፍ አንበለው። ሹራብ ቢሰፋ ይታጠፋል። ልጅ «አልችልም» ብሎ ካመነ ግን ያንን ማን ያጥፍለታል?

ቸር እንሰንብት!